አያትን የመዘገባቸው ማን ነው?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1909 መግቢያ ላይ አየርላንድ ውስጥ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ችግረኛ አረጋውያን ጡረታ መክፈል ተጀመረ። ጣጣው ዕድሜን ማስረዳት ላይ ነበር። በአገሩ ልደት በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈር የጀመረው በ1864 ነውና ሰባ የደፈነ ሰው የልደት ማስረጃ ከየት ያመጣል? መላ ሆኖ የተገኘው የድሮው የሕዝብ ቆጠራ ነው። አመልካቹ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ በ1841 ወይም በ1851 ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረውን መንደር ቅጽ ላይ ያስሞላል። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ጥራዙን አውርዶ ቤተሰቡን ይፈልጋል፤ ካገኘም ያገኘውን ቅጹ ላይ ይገለብጣል። ካላገኘ ‘አልተገኘም’ ብሎ ይመልሰዋል፤ ሽማግሌውም ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ይሄዳሉ።

በ1922 ጁን 30 ቀን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን፣ ደብሊን ከተማ የሚገኘው ፎር ኮርትስ የተባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ሲጋይ በውስጡ የነበረው የመዛግብት ቤት አብሮ ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የአራት ቆጠራዎች ጥራዞች፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር፣ አመድ ሆኑ። የጡረታ ቅጾቹ ግን ተረፉ። ዛሬ የ1851ን አንድ የአየርላንድ ገበሬ ቤተሰብ፣ አባትና እናት ከነልጆቻቸው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት የሚያነብ ሰው አለ። የሚያነበው ቆጠራውን ራሱን አይደለም፤ አንድ ጸሐፊ የአንድን ሽማግሌ ዕድሜ ለማጣራት በችኮላ የገለበጠውን ወረቀት ነው።

ስለ ቤተሰብና ስለ አካባቢ ታሪክ ፍለጋ ማወቅ የሚገባው ነገር አብዛኛው እዚህ ወረቀት ላይ ያለ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከስም ነው። የአያቱን ስም መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ያስገባል፣ ይጫናል፣ ምንም ሲያጣ ‘ስለ እኛ የተጻፈ ነገር የለም’ ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን መዝገብ ለልጅ ልጅ ተብሎ ተጽፎ አያውቅም። ግብር ሰብሳቢው የጻፈው ገንዘብ ሊቀበል ነው፤ መልማዩ ወታደር ሊወስድ፣ ቄሱ ጥምቀትና ጋብቻ ሊያረጋግጥ፣ ዳኛው ውርስ ሊያከፋፍል፣ መርከበኛው ተሳፋሪ ቆጥሮ ሊያስረክብ። ስለዚህ ‘አያቴ የት ተጽፈዋል?’ ከማለት በፊት ‘አያቴን ለመጻፍ ጉዳይ የነበረው ማን ነው?’ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ አንድ ድረ ገጽ ይመራል፤ ሁለተኛው ወደ አሥር ቢሮ።

ይህን ጥያቄ ይዞ አንድ ቅጽ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1911 በፊት የነበረው አሠራር አባወራው የሞላውን ወረቀት ቆጣሪው ወደ ጥራዙ ገልብጦ ወረቀቱ እንዲጣል ነበር። በ1911 ግን አባወራው በገዛ እጁ የሞላው ወረቀት ራሱ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ያገቡ ሴቶች ስንት ዓመት በትዳር እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለዱ፣ ስንቱ እንዳሉ፣ ስንቱ እንደሞቱ ተጠይቀዋል። ጥያቄው ለባለትዳር ሴት ብቻ ቢሆንም ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለመልስ ማለፍ አልሆነለትም፤ እሱም ይሞላዋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ‘የማይመለከተው’ ብሎ በቀይ ቀለም ይሰርዘዋል። የሞቱ ልጆቻቸውን ስም የጻፉም አሉ፤ እሱም ይሰረዛል። ለስታቲስቲክስ ባለሙያው የተሰረዘው መስመር ስሕተት ነው። ለዛሬ ፈላጊ ግን የወረቀቱ ትልቁ ሀብት እሱ ነው፤ ከስረዛው ሥር ያለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባልና።

እዚያው ቆጠራ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ተቆጥራለች። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ኤሚሊ ዊልዲንግ ዴቪሰን በ1911 ኤፕሪል 2 ሌሊት፣ ቆጠራውን በመቃወም፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ጸሎት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ አደረች። የሕንፃው ኃላፊ ተደብቃ መገኘቷን ጠቅሶ እዚያው መዘገባት፤ የተከራየችበት ቤት ባለቤትም የቤቷ ነዋሪ ናት ብላ አስመዘገበቻት። ኮምፒውተር ሁለት ዴቪሰን ያገኛል። ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው አንዲት መሆኗን የሚያውቀው።

አሜሪካ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከዘዴነት አልፎ ብቸኛ መንገድ ይሆናል። በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ዘሮች የትውልድ ሐረጋቸውን ወደኋላ ሲቆጥሩ 1870 ላይ፣ ሁሉም በስማቸው በተዘረዘሩበት የመጀመሪያው ቆጠራ ላይ፣ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። በ1850ና በ1860 ቆጠራዎች ባሪያዎች የተዘረዘሩት በተለየ ቅጽ ነበር፤ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም። ስም የለም። ‘ሴት፣ 24’፣ ‘ወንድ፣ 6’ እያለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ስም መፈለግ ከንቱ ነው።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች በስማቸው ለመጻፍ ጉዳይ የነበረው ማን ነው? አንደኛው ባሪያ አሳዳሪው ራሱ ነው። ሲሞት ንብረቱ ለወራሾች ሲዘረዘር ሰው ከበሬና ከማረሻ ጋር በስሙና በዋጋው ይሰፍራል። ለማንበብ ያማል፤ እናትና ልጅ በአንድ መስመር የሚገኙት ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሁለተኛው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል በ1865 ከባርነት ነጻ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመው የፍሪድሜንስ ቢሮ ነው፤ የሥራ ውል፣ የጋብቻ ምዝገባ፣ የአቤቱታ ወረቀት ትቶ አልፏል። ሦስተኛው ባንክ ነው። በ1865 ተከፍቶ በ1874 የከሰረው የፍሪድሜንስ ቁጠባ ባንክ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ደንበኞቹን መለየት ነበረበት። ሌላ ሰው በስማቸው ገንዘብ እንዳያወጣ ሒሳብ ሲከፍቱ የተወለዱበትን ቦታ፣ የሚሠሩበትን፣ የባል ወይም የሚስት ስም፣ የልጆች፣ የአባት፣ የእናት፣ የወንድምና የእህት ስም ይጠይቃቸዋል፤ አንዳንዱ ቅጽ የቀድሞ ጌታቸውንም ይጠይቃል። ከሥሩ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አለ። የተሸጠችበትን ቦታ የማያውቀውን እህቱን ስም በዚህ ወረቀት ላይ ያስጻፈ ሰው የባንኩን ጥያቄ መለሰ እንጂ ታሪክ እጽፋለሁ አላለም። ባንኩ ሲከስር ያጠራቀሙት ገንዘብ ለብዙዎቹ ቀልጦ ቀርቷል፤ የቤተሰቦቻቸው ስም ግን አለ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ነገሩ ቀለለ ወይስ ከበደ የሚለው ያከራክራል። ፋሚሊሰርች የተባለውና በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚደገፈው ድርጅት ከ1938 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ መዝገቦችን በማይክሮፊልም ሲያነሳ ኖሮ 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅል አከማችቷል፤ ያንን ሁሉ ወደ ዲጂታል የመለወጡን ሥራ በ2021 ጨርሷል፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው ለአንድ ገጽ ሲል አውሮፕላን ይሳፈር ነበር።

ችግሩ ያለው በምስልና በማውጫ መካከል ነው። መዝገቡ ተነሥቶ በድረ ገጽ ተሰቅሏል ማለት በስም ሲፈለግ ይወጣል ማለት አይደለም። ስሙ እንዲወጣ አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን ያንን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ማውጫ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ያልገባው ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ እንደ ድሮው ገጽ በገጽ እያገላበጡ ማንበብ ነው። እኔ ራሴ ከአንድ ዓመት በላይ የለም ብዬ የተውኩትን የጋብቻ መዝገብ ያገኘሁት መፈለጊያውን ትቼ ምስሎቹን አንድ በአንድ ሳልፍ ነው፤ ስሙ አለ፣ ማውጫው ግን የመጀመሪያውን ፊደል ሌላ አድርጎታል። ማውጫ ላይ አጣሁ ማለት መዝገቡ ውስጥ የለም ማለት አለመሆኑን በቃል አውቀው ነበር፤ በእጄ ሳየው ግን አንድ ዓመቴ ሄዷል።

የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት እየሞሉት ነው። ፋሚሊሰርች ራሱ በ2024 ማውጫ ያልወጣላቸውን የመሬትና የኑዛዜ ሰነዶች ሙሉ ጽሑፍ በቃል መፈለግ የሚያስችል አሠራር ለሙከራ ለቋል። ይህ ብዙ ይለውጣል፤ ምክንያቱም በመሬት ውል ላይ ባለጉዳይ ሳይሆን ምስክር ወይም ጎረቤት ሆኖ የተጠቀሰ ሰው ድሮ ማውጫ ውስጥ አይገባም ነበር፤ አሁን ይወጣል። በሌላ በኩል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የተመሠረቱ መልስ ሰጪ ፕሮግራሞችን ‘ስለ እነ እገሌ ቤተሰብ ንገረኝ’ ብሎ መጠየቅ አደጋ አለው። የሌለ ጥራዝ ከነገጽ ቁጥሩ አሳምረው ይሰጣሉ። ቤተ መዛግብት ደውሎ ያንን ጥራዝ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው ትዝብት ነው። የተገለበጠ ጽሑፍ ሲሰጡት እንዲያነብ፣ የላቲን ቃል እንዲፈታ፣ ምን ዓይነት ቢሮ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚያወጣ እንዲያብራራ መጠየቅ ይቻላል፤ ዘመድ እንዲያፈላልግ ግን አይታመንም።

ከዚህ የባሰው እርስ በርስ የሚኮራረጁት የዘር ሐረጎች ናቸው። አንዱ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሰዎች አንድ አድርጎ ይለጥፋል፣ መቶ ሰው ይገለብጠዋል፣ ከዚያ መቶ አንደኛው ‘መቶ ሰው ያረጋገጠው’ ይላል። ከልጇ በሦስት ዓመት የምታንስ እናት ያለችበት ሐረግ አይቻለሁ። ማንም አልተገረመም።

ስምን በተመለከተ ደግሞ አንድ የቆየ አፈ ታሪክ አለ፤ በኒውዮርክ ወደብ የኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች የስደተኞቹን ስም እየለወጡ መዘገቡ የሚል። ደሴቲቱ ከ1892 እስከ 1954 ወደ 12 ሚሊዮን ሰው ያስተናገደች ናት። ነገር ግን የዚያ ጸሐፊ ሥራ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ማመሳከር ነበር፤ ዝርዝሩ የተጻፈው በመነሻው ወደብ፣ በመርከብ ኩባንያው ሰዎች ነው። ስሙን የለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ስደተኛው ራሱ ነው፣ ከገባ በኋላ፣ ሥራ ለማግኘት ወይም ጎረቤት እንዲጠራው። ስለዚህ የቀድሞውን አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው ከኒውዮርክ ይልቅ እንደ ሃምቡርግ ያለ የመነሻ ወደብ ያወጣውን ዝርዝር ማየት ይኖርበታል። የልጁን ስም የአባቱ ስም በሚከተልባቸው ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ በቤተሰብ ስም መፈለግ ከነጭራሹ አይሠራም፤ በየትውልዱ የሚቀየር ስም ነውና ቦታውን አንቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ቦታም ቢሆን ይቀየራል። ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ያለችው ልቪቭ እስከ 1918 በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ለምበርግ ነበረች፣ ከዚያ በፖላንድ ሥር ልቩፍ፣ ቀጥሎ በሶቪየት ዘመን ልቮቭ። አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ አራት መንግሥት ሊያዩ ይችላሉ። መዝገቡ የሚከተለው መንግሥቱን ነው፤ የዚያ አካባቢ የቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ መዝገቦች ከፊሉ ዛሬ የሚገኘው ልቪቭ ሳይሆን ዋርሶ ነው። ቀንም እንዲሁ። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስታስተካክል ከሴፕቴምበር 2 በማግሥቱ 14 ሆነ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። ፌብሩዋሪ 1750 ተጠምቆ ኤፕሪል 1750 የተወለደ የሚመስል ሕፃን የሚገጥመን በዚህ ምክንያት ነው። ኤፕሪሉ ነው የሚቀድመው።

የአካባቢ ታሪክ ከቤተሰብ ታሪክ የሚለየው ስም ሳይሆን ቤት፣ መንገድ፣ ወንዝ ይዞ መነሣቱ ነው እንጂ ጥያቄው ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1867 ጀምሮ ሳንቦርን የተባለ ኩባንያ ከተሞችን ቤት በቤት እየዞረ ካርታ ሠራ። ለውበት ብሎ አይደለም፤ የእሳት አደጋ መድን የሚሸጡ ድርጅቶች የትኛው ቤት ቶሎ እንደሚነድ ማወቅ ስለፈለጉ ነው። ሮዝ ቀለም የተቀባው ቤት የሸክላ ጡብ ነው፣ ቢጫው እንጨት፣ ሰማያዊው ድንጋይ። ፎቁ ስንት እንደሆነ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ፣ የውኃ ቧንቧው ስፋት፣ በጓሮ ያለው በረት ወይም መጋገሪያ ሁሉ ተጽፏል። ዛሬ ፎቶግራፍ የሌለው የፈረሰ ሰፈር ከዚህ ካርታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙዎቹን በነጻ ለቋቸዋል። መድን፣ ውኃ ልማት፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ መቃብር ጠባቂ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፤ የአንድን ሰፈር ታሪክ የያዙት እነዚህ ናቸው። በተለይ የመሬት ክርክር። ሰው በሰላም ሲኖር አይጻፍም፤ ሲካሰስ ግን ምስክሩ ሁሉ ተጠርቶ ‘ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ’ እያለ ይናገራል፣ ጸሐፊውም ቃል በቃል ይይዛል።

ጋዜጣም አለ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2009 ጀምሮ ያቆመው ትሮቭ የተባለው አገልግሎት የድሮ ጋዜጦችን በነጻ ያስነብባል፤ ማሽኑ የተሳሳተውን ቃል ፈቃደኛ አንባቢዎች መስመር በመስመር ያርማሉ። በ2023 የበጀት ችግር ገጥሞት ሊቋረጥ ነው ተብሎ ከፍተኛ ሥጋት ተፈጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመቶ ማውጫው ሳይቀር ለወራት ተዘግቷል። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ምስል ‘ነገ እመለስበታለሁ’ ብሎ ማለፍ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ምስሉን ከነጥራዙ ስምና ከነገጹ አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል።

ዘረ መል ምርመራን ብዙዎች እንደ አቋራጭ ያዩታል። የሚሠራውን በደንብ ይሠራል፤ የሥጋ ዘመድን ያገናኛል። የመጀመሪያ የአጎት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ዘረ መል ይጋራሉ፤ ሦስተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች ላይ ሲደርስ ግን ከአሥር ጥንድ አንዱ ያህል ምንም የሚታይ ነገር ላይጋራ ይችላል። ‘ይህን ያህል በመቶ ከዚህ አገር’ የሚለው ውጤት ደግሞ የሚሰላው ከአያቶቻችን ጋር በማነጻጸር ሳይሆን ዛሬ በሕይወት ካሉና ኩባንያው ከመረጣቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ሰው ምራቁ ሳይቀየር በመቶኛው በየጊዜው የሚቀየረው። ዋጋውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ሾለከበት፤ በ2025 ማርች ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የደንበኞቹም መረጃ ከሚሸጠው ንብረት አንዱ ሆነ። የሚሰጠው ሰው አንድ ቢሆንም የሚሰጠው የወንድሙንም የእህቱንም ነው፤ እነሱ ግን አልተጠየቁም።

በሌላ በኩል ሆን ተብሎ የተቆለፈም አለ። አሜሪካ የቆጠራ ቅጾቿን የምትከፍተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ተከፈተ፣ የ1960ው 2032ን ይጠብቃል። እንግሊዝ 100 ዓመት ትጠብቃለች። የ1921ዱ በ2022 ወጥቷል፤ የ1931ዱ በ1942 ተቃጥሏል፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ጨርሶ አልተካሄደም፤ ስለዚህ ቀጣዩ የ1951ዱ ነው፣ እሱም በ2052። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በ1939 ሴፕቴምበር 29 ለመታወቂያና ለራሽን ሲባል የተደረገው ምዝገባ ነው። ይህ መዝገብ በኋላ ለጤና አገልግሎት ስለዋለ ለዓመታት ሲታረም ኖሯል፤ በዚያ ቀን ልጃገረድ የነበረች ሴት ከሃያ ዓመት በኋላ ስታገባ አሮጌው ስሟ ተሰርዞ አዲሱ በላዩ ተጽፎበታል። የተሰረዘው እዚህም ይነበባል።

ያልተቆለፈ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ግን ሰዓቱ የሚያልፍበት አንድ ምንጭ ሽማግሌዎች ናቸው። ብዙ ሰው ወደ እነሱ የሚሄደው ጥያቄ ዘርዝሮ ነው፤ ‘በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ? አያትዎ ማን ይባላሉ?’ እያለ። መርማሪ ፊት የቀረበ ሰው ደግሞ አጭር ይመልሳል። አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ሄዶ ‘ይቺ ማን ናት?’ ማለት ይበልጣል። ከሴትየዋ ወደ ቀሚሷ፣ ከቀሚሷ ወደ ሰፊዋ፣ ከሰፊዋ ወደ ተጣሉበት ጉዳይ ይሄዳሉ፤ የቤቱን ክፍሎች እየቆጠሩ ማን የት ይተኛ እንደነበር ሲናገሩ ማንም ያልነገረን አንድ የሞተ ልጅ ብቅ ይላል። ዓመቱን ባያውቁትም ‘ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ገና ጥርሴ አልበቀለም’ ይላሉ፤ ያ ከማንኛውም ግምት ይሻላል። ድምፁን ከፈቀዱ በስልክ መቅዳት ነው። የሰሙትን ከፎቶግራፉ ጀርባ ሲጽፉ ደግሞ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አይደለም፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። ስሟን፣ ከሥሩም ማን እንደነገረንና የነገረን በየትኛው ቀን እንደሆነ።